የተበላች ፊደል

ጥር ላይ፣ ባሕር ዛፉ ዘይት በሚያልበው ወር፣
ዊላራ በሚሉት የአውስትራሊያ ገጠር፣
ልጄ ታምሲን ለሰደድ እሳት ተጠርታ ወጣች፤
«አትጠብቂኝ» አለች፣ ቡትሷን እያሰረች።
እኔም አልጠበቅሁም። ወጥ ቤት ብቻ ተቀመጥሁ፣
መዳፍ የምታህል ስካነሬን ይዤ ጆሮዬን ቀሰርሁ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አንድ ድምፅ መጣ፣
ጢስ ያሻከረው፣ ከጫጫታ ሆድ የወጣ፦
«...ከሸንተረሩ ማዶ... ዊላራ ሁለት... ጠፋ—»
ጠቅ።
ጠቅ።
ከዚያ ወዲያ ባዶ ነፋስ።

ምኑ ነው የጠፋው? እሳቱ ከሆነ፣ እሰየው፣ ይጥፋ።
ወይስ ከ«ጠፋ» ኋላ አንዲት «ች» ነበረች፣
በዚያ የጠቅታ ጥርስ የተቆረጠመች?
በአንዲት ፊደል ላይ ቁጭ ብዬ አደርሁ፤
እሳቱንና ልጄን በአንድ ግሥ አሰርሁ።

ጎህ ሲቀድ መጣች፣ ፊቷ ጥላሸት፤
ሁለት እንቁላል በልታ ተኛች እስከ ምሽት።
ስለ ፊደሏ ግን ምንም አልነገርኋትም።

መጀመሪያ ባትሪውን ቀየርሁለት።
ቀጥሎ የማፈኛዋን ቁልፍ አጠበቅሁበት፤
ጫጫታው ሲታፈን ሰውም አብሮ ታፈነ፤
በር መዝጋት እንጂ ሌባ መያዝ አልሆነ።

ክንድ የሚያህል አንቴና ከከተማ አስመጣሁ፤
ስተክለው ባሰብኝ፣ መስሚያ አጣሁ፤
ኮረብታው ላይ የቆመው የስልክ ማማ
ቻናሉን ሁሉ ሞላው በራሱ ዜማ።
ለካ ጆሮ ሲሰፋ ቀድሞ የሚገባው
ሹክሹክታ አይደለም፤ የሚጮኸው ነው።
አጭሯን መለስሁ።

ከዚያ ቤቴን ጠረጠርሁ። ፍሪጁን ነቀልሁ፣
ቻርጀሩን፣ አምፖሉን፣ የዓሣውን ገንዳ ማሞቂያ፤
ስድስት ዓመት ያልነካሁትን፣
የባሌን የራስጌ ሰዓት ሳይቀር። ቁጥሮቹ ጠፉ።
አንዱ እዝዝታ፣ በደብተር ስይዘው፣
ከፀሐይ ጋር ይነቃል፣ ደመና ሲያልፍ ይለዝባል፣
ሲመሽ ይሞታል። ጣራዬ ላይ ያለው ሶላር ነው!
ታምሲን በልደቴ ያስተከለችው።
ጆሮዬን ከእሷ የጋረደው የእሷው ስጦታ ነው።
እንግዲህ የእሳት ቀን አጠፋዋለሁ፤
ማቀዝቀዣ ይቅር፤ በላቤ ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ።

ጠቅታው ግን ቀንም ሌሊትም አለ።
ስካነሯን ከደረቴ ለጥፌ በሜዳው ዞርሁ፤
ጀርባዬን ስሰጠው ይደክማል፤ ፊቴን ሳዞር ይበረታል፤
እንዲህ እየዞርሁ፣ እየቆምሁ፣
ከትራስክ አጥር ደረስሁ።

አሥራ አንድ ዓመት ነው፣ በአንድ ኮርማ ምክንያት፣
በዚያ ሽቦ ላይ ሰላምታ ያልተሻገረበት።
ደረቅ ሣር ኤሌክትሪኩ ላይ ተደግፏል፤
በየሴኮንዱ ሰማያዊ ብልጭታ ይተፋል።
(ይህም በጥር! ክብሪት የያዘ ሕፃን ማለት ነው።)

«ትራስክ፣ አጥርህ ፊደል በልቶብኛል» አልሁት።
አልገባውም። ስካነሯን አቀበልሁት።
ጠቅ። ሽቦውን አየ።
ጠቅ። እኔን አየ።
«ይቺን እኔም ሌሊት ሌሊት እሰማታለሁ» አለ።
«ማንን ነው የምትጠብቀው?»
«ማንንም። ሰው ሲያወራ ለመስማት ነው።»
ከዚያ ማጭድ ሊያመጣ ሄደ።

የካቲት ላይ እንደገና ወጡ።
ሶላሩን አጠፋሁ። ቤቱ ምድጃ ሆነ።
አሁንም ከሩቅ የሚያፏጭ ነገር አለ፤ ምንጩን አላወቅሁም፤ ተውሁት።
ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት መጀመሪያ ሳል መጣ፤
ሳሏን አውቀዋለሁ፣ ከሕፃንነቷ።
«ዊላራ ሁለት ነን። ጠፋ» አለች።
ከኋላው አንድ ፊደል እንዳለ ጠበቅሁ።
የለም።
በአጥሩ ማዶ የትራስክ መስኮት እስካሁን ይበራ ነበር፤
ትንሽ ቆይቶ፣ እሱም ጠፋ።